አገልግሎቱ መነሣቱን ብቻ ሳይሆን ሲወድቅ መመለሱንም ጠይቁ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ የወጣውን፣ ዛሬ አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ በግማሽ ቀን ውስጥ የድር አገልግሎት ሠርቶ ለተጠቃሚዎች ክፍት ማድረግ እንደሚችል የሚያስረዳውን ጽሑፍ በጥሞና አነበብኩት። የተባለው እውነት ነው። ሰርቨር ለመግዛት፣ ለመግጠምና ከኔትወርክ ጋር ለማገናኘት ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ሥራ አሁን በጥቂት ትእዛዞች ያልቃል፤ በየዓመቱ ገንዘብ ይከፈልበት የነበረውን የድረ ገጽ ደኅንነት ሰርቲፊኬት እንኳ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ተቋም ከ2015 ጀምሮ በነጻ ያድለዋል። (በዚህ ደብዳቤ የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይሁን እንጂ ጽሑፉ አገልግሎቱ ሥራ ጀመረ ብሎ የተሰናበተበት ቦታ፣ እኔና የሙያ ባልደረቦቼ ዋናውን ሥራችንን የምንጀምርበት ቦታ ነው። ጽሑፉን አንብበው አገልግሎት ለማሠራት የሚነሡ ሰዎች ስለሚኖሩ፣ የቀረውን ግማሽ ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም።

የምለው ነገር አንድ ነው። የድር አገልግሎት ተሠርቶ አለቀ ሊባል የሚገባው የመጀመሪያው ተጠቃሚ ሲገባበት አይደለም፤ ሲወድቅ የሚነሣበት መንገድ ተጽፎ፣ ያም መንገድ ከአንድ ጊዜ በላይ በእውን ተኪዶበት ሲታይ ነው።

ቲም በርነርስ ሊ ጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው ሰርን የምርምር ማዕከል የድርን ሐሳብ በጽሑፍ ያቀረበው በ1989 ነበር። የመጀመሪያው የድር ሰርቨር ሆኖ ያገለገለው እዚያው ቢሮው ውስጥ የነበረ አንድ የኔክስት ኮምፒውተር ሲሆን፣ በላዩም በቀይ ቀለም በእጅ የተጻፈች ወረቀት ተለጥፋበት ነበር፤ ይህ ማሽን ሰርቨር ስለሆነ እንዳታጠፉት የምትል ወረቀት ናት። ሆስቲንግ የምንለው ነገር ፍሬው ያው ያቺ ወረቀት ይመስለኛል። አንድን አገልግሎት በሰርቨር ላይ ማኖር ማለት፣ ማታም ሆነ ንጋት ላይ ለሚመጣ ለማያውቁት ሰው ጥያቄ የሚመልስ ነገር አኑሮ እንደማይጠፋ ቃል መግባት ነው። ዛሬ ማሽኑ በኪራይ የሚገኝና ዓይን የማያየው ሆነ እንጂ ቃሉ አልተለወጠም።

አከራዮቹም በበኩላቸው ቃላቸውን በመቶኛ ያስቀምጣሉ። አገልግሎታችን በዓመት 99.9 በመቶ ይሠራል የሚል ውል የፈረመ ድርጅት፣ በዓመት ውስጥ 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ቢቆም ከቃሉ አልወጣም፤ 99.99 በመቶ ያለ 52 ደቂቃ ያህል ይፈቀድለታል፤ 99 በመቶ ብቻ ያለው ደግሞ ከ3 ቀን ተኩል በላይ ቢጠፋ እንኳ ውሉን አላፈረሰም። ቁጥሮቹ ጠቃሚ ናቸው። ነገር ግን እነዚህ ቁጥሮች የሚናገሩት ስለ ማሽኑ ነው። በማሽኑ ላይ ያኖርነው የሰው መረጃ ቢጠፋ፣ ወይም ዛሬ ያሰማራነው አዲስ ኮድ የተበላሸ ቢሆን፣ ማሽኑ 100 በመቶ እየሠራ አገልግሎታችን ሞቶ ሊገኝ ይችላል። ይህንን ልዩነት ለደንበኞቻቸው ቁጭ ብለው የሚያስረዱ ባለሙያዎች ጥቂት ናቸው፤ ብዙ ሰው ክላውድ (በርቀት በኪራይ የሚገኝ ማሽን) ላይ ነው ያለው የሚለውን ቃል ሲሰማ መረጃው ለዘለዓለም የተጠበቀ ይመስለዋል።

አሁን ከአልሚው፣ ማለትም ኮዱን ከሚጽፈው ባለሙያ፣ ኮምፒውተር እስከ ሰርቨሩ ያለውን መንገድ እንመልከት፤ ባለሙያዎች ወርክፍሎው የሚሉት የሥራ ቅደም ተከተል ማለቴ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ ጊትን በ2005 ከሠራ ወዲህ የኮድን ለውጥ ማን፣ መቼ፣ ምን ብሎ እንደቀየረ መዝግቦ ማቆየት የማንኛውም ቡድን ልማድ ሆኗል። የሚገርመው ግን፣ ኮዱን እንዲህ በጥንቃቄ የሚመዘግብ ቡድን ያንኑ ኮድ ወደ ሰርቨር የሚያደርስበትን መንገድ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ትቶት መገኘቱ ነው። ሰውየው ሰርቨሩ ውስጥ ይገባል፣ አዲሱን ኮድ ይስባል፣ ዳታቤዙን ያስተካክላል፣ አገልግሎቱን ያስነሣል። ሰማንያ ጊዜ በትክክል ይሠራዋል፤ ሰማንያ አንደኛው ቀን ላይ አንዲት ደረጃ ይዘላል።

ይህ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ናይት ካፒታል ከተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ድርጅት በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። ድርጅቱ ነሐሴ 1 ቀን 2012 ለሚጀምር አዲስ አሠራር ያዘጋጀውን ኮድ በስምንት ሰርቨሮች ላይ ማሰማራት ነበረበት። ሥራው በእጅ የሚሠራ ነበርና ኮዱ በሰባቱ ላይ ሲጫን በስምንተኛው ላይ ሳይጫን ቀረ፤ ይህን የሚያጣራ ሁለተኛ ሰውም ሆነ የተጻፈ ሥርዓት አልነበረም። በስምንተኛው ሰርቨር ላይ ደግሞ ለዓመታት ሥራ ላይ ያልዋለ አሮጌ ኮድ ተቀምጦ ነበር። አዲሱ ኮድ ቀድሞ ለዚያ አሮጌ ኮድ ማስነሻ ያገለግል የነበረውን ምልክት መልሶ ስለተጠቀመበት፣ ገበያው ሲከፈት የሞተው ኮድ ተነሥቶ ማቆሚያ የሌለው የግዢና የሽያጭ ትእዛዝ ያዘንብ ጀመር። በ45 ደቂቃ ውስጥ ድርጅቱ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ ግን ስሕተቱ ራሱ አይደለም። ገበያው ከመከፈቱ በፊት የድርጅቱ ሥርዓት ስለ ችግሩ የሚጠቁሙ 97 ኢሜይሎችን ለሠራተኞቹ ልኮ ነበር፤ እንደ ማስጠንቀቂያ እንዲታዩ ተብለው የተዘጋጁ ስላልነበሩ የተመለከታቸው የለም። ከዚያም ችግሩ ሲፈነዳ ሠራተኞቹ ነገሩን ወደ ነበረበት ለመመለስ አስበው አዲሱን ኮድ ከሰባቱ ጤነኛ ሰርቨሮች ላይ አነሡት፤ በዚህም የአንዱን ሰርቨር በሽታ ወደ ሰባቱ አዛመቱት። መመለሻ መንገዱን ከዚያ ቀን በፊት ሄደውበት ስለማያውቁ፣ ለማዳን የዘረጉት እጅ ጉዳቱን አባባሰው።

ስለዚህ አዲስ እትም ማሰማራት የሰው እጅ የማይነካው፣ በፋይል ተጽፎ ከኮዱ ጋር በአንድ ቦታ የሚቀመጥ ሥራ መሆን አለበት። አልሚው ለውጡን ሲልክ ማሽን ሙከራዎቹን ያስኬዳል፤ ሙከራዎቹ ካለፉ ኮዱን ለመሥራት ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር የያዘ አንድ ጥቅል፣ ኮንቴይነር የሚሉት፣ ይሠራል፤ ያው ኮንቴይነር፣ ሳይለወጥና እንደገና ሳይሠራ፣ መጀመሪያ ወደ መሞከሪያው ከዚያም ወደ ዋናው ሰርቨር ይሄዳል። አዲሱ እትም ደኅና ነህ ወይ ተብሎ ተጠይቆ እስኪመልስ ድረስ አሮጌው ከሥራ አይወጣም። ጄንኪንስ፣ ጊትላብ፣ ጊትሃብ አክሽንስ፣ ሌላም ብዙ መሣሪያ ይህን ይሠራል፤ የትኛው ይሻላል በሚለው ላይ ጊዜ ማባከን አልፈልግም። ዋናው ነገር፣ ትናንት የነበረውን እትም መልሶ ማስቀመጥ አዲሱን የማሰማራት ያህል ቀላል መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የማይታይ ወጥመድ አለ፤ ብዙ ጊዜ ጀማሪዎችን ሲጥል ስላየሁ ጠጋ ብዬ ላሳየው። የተጠቃሚዎችን ስልክ የሚይዝ አንድ የዳታቤዝ ዓምድ አለ እንበል፤ አልሚው ስሙን ሊቀይረው ፈለገ። በአንድ ጊዜ ዓምዱንም ኮዱንም ቀይሮ አሰማራ። ከዐሥር ደቂቃ በኋላ አዲሱ ኮድ ሌላ ሳንካ እንዳለበት ታወቀና አሮጌው ይመለስ ተባለ። አሮጌው ኮድ ግን የሚፈልገው የቀድሞውን ስም ነው፤ ያ ስም የለም፤ ሁለቱም እትሞች አይሠሩም። ኮድ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ዳታቤዝ ግን ወደፊት ብቻ ነው የሚሄደው ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። መፍትሔው ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። መጀመሪያ አዲሱን ዓምድ ከአሮጌው ጎን መጨመር፣ ቀጥሎ በሁለቱም ላይ የሚጽፍ ኮድ ማሰማራትና የቆየውን መረጃ መገልበጥ፣ ከዚያ ንባቡን ወደ አዲሱ ማዞር፣ በመጨረሻም፣ ምናልባት ከሳምንታት በኋላ፣ አሮጌውን መሰረዝ ነው። አንዱ ለውጥ አራት ይሆናል። ነገር ግን በየትኛውም ደረጃ ላይ ቢቆም ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል።

ይህን ሁሉ በጽናት የምናገረው ራሴ ካየሁት ነገር ተነሥቼ ነው። ከዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ አንድ ድርጅት ውስጥ የፖስትግሬስ ዳታቤዛችንን መጠባበቂያ ቅጂ በየሌሊቱ የሚያዘጋጅ ትንሽ ስክሪፕት ነበረን። ስክሪፕቱ በሌላ ማሽን ላይ ሆኖ ፒጂ ደምፕ በሚባለው ትእዛዝ መረጃውን ያወጣል፣ የወጣውን በጂዚፕ ያጨምቀዋል፣ የቀኑን ቀን በስሙ ላይ ጽፎ ያስቀምጠዋል፣ ጠዋትም ባክአፑ ተሳክቷል የሚል ኢሜይል ይልክልናል። ኢሜይሉ አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም። እኛም ርዕሱን አይተን እናልፈው ነበር።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ የሥራ ባልደረባችን የሞከራቸውን መዝገቦች ለማጽዳት የጻፈው የመሰረዣ ትእዛዝ ገደብ ሳይደረግበት በዋናው ዳታቤዝ ላይ ተፈጸመ፤ የደንበኞች ትእዛዝ የሚመዘገብበት ሠንጠረዥ በአንድ ሰከንድ ባዶ ሆነ። ደንግጠን ነበር፤ ግን ሌሊት የተወሰደው ቅጂ አለ ብለን ልባችንን አጽናንተን ወደ ባክአፑ ማሽን ገባን። የፋይሎቹን ዝርዝር ስናወጣ የእያንዳንዱ ሌሊት ፋይል መጠን 20 ባይት ሆኖ አገኘነው። የትናንቱ 20 ባይት። የባለፈው ሳምንቱ 20 ባይት። ወደ ላይ እየሄድን ስናነብ፣ ዳታቤዙን ወደ አዲስ ዋና እትም ካሳደግንበት ዕለት ጀምሮ ያሉት ፋይሎች ሁሉ ልክ 20 ባይት ነበሩ። ክው ብለን ቀረን።

ምክንያቱን ያወቅነው ማታ ላይ ነው። ፒጂ ደምፕ ከራሱ እትም የሚበልጥ ዋና እትም ያለው ሰርቨር ሲያገኝ አልወስድም ብሎ ይቆማል። እኛ ዋናውን ዳታቤዝ ስናሳድግ በባክአፑ ማሽን ላይ ያለውን መሣሪያ ማሳደግ ረስተን ነበር። ስለዚህ በየሌሊቱ ትእዛዙ ወድቋል፤ ነገር ግን ከእሱ በኋላ በመስመር የተያያዘው ጂዚፕ ምንም ያልመጣለትን ባዶ ነገር በታማኝነት አጨምቆታል፤ ባዶ ነገር በጂዚፕ ሲጨመቅ የሚሰጠው ፋይል ደግሞ 20 ባይት ነው። ትእዛዞች በመስመር ሲያያዙ ትእዛዞቹን የሚያስፈጽመው ሼል የተባለው ፕሮግራም የሚያየው የመጨረሻውን ትእዛዝ ውጤት ብቻ ስለሆነ፣ ስክሪፕቱ ሁሉም ነገር ተሳክቷል ብሎ አመነ፤ ለእኛም ያመነውን ነገረን። ከተያያዙት ትእዛዞች አንዱ ቢወድቅ ሁሉም እንደወደቀ እንዲቆጠር የምታደርግ፣ ፓይፕፌይል የምትባል አንዲት ቃል በስክሪፕቱ አናት ላይ ተጽፋ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ሌሊት እናውቅ ነበር። አንድም ሰው ከእነዚያ ፋይሎች አንዱን ከፍቶ ወደ ባዶ ዳታቤዝ ለመመለስ ሞክሮ ቢሆን ኖሮም እንዲሁ።

ያዳነን ዕድል ነው። አንድ አልሚ ለሌላ ሥራ ብሎ ከዘጠኝ ቀን በፊት የገለበጠው ቅጂ በመሞከሪያው ማሽን ላይ ተገኘ። የዘጠኙን ቀን ትእዛዞች ለደንበኞች ከተላኩት የማረጋገጫ ኢሜይሎች አንድ በአንድ እየለቀምን በእጅ መዘገብናቸው። አንዳንዶቹን ግን እስከ መጨረሻው አላገኘናቸውም፤ ትእዛዛቸው የት እንደገባ ለጠየቁን ደንበኞች ጠፍቶብናል ብለን መመለስ ነበረብን። ያንን ስልክ የመለሰ ሰው ስለ ባክአፕ በቀላሉ አይናገርም።

በኋላ የአልሚዎችን ኮድ የሚያስቀምጠውን የጊትላብን ድርጅት ታሪክ ሳነብ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ ያህል ተሰማኝ። ጥር 31 ቀን 2017 ማታ አንድ የጊትላብ መሐንዲስ ሲደክም አምሽቶ በተሳሳተ ሰርቨር ላይ የዳታቤዙን ማህደር መሰረዝ ጀመረ፤ ደርሶ ሲያስቆመው ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ጊጋባይት ብቻ ነበር። ድርጅቱ አምስት ዓይነት መጠባበቂያ መንገድ ነበረው፤ ሲፈለጉ አንዳቸውም እንደታሰበው አልሠሩም። ከእነሱም አንዱ እንደኛው የእትም አለመጣጣም የጣለው ፒጂ ደምፕ ነበር፤ ውድቀቱን የሚናገሩት ኢሜይሎችም በኢሜይል ማረጋገጫ ችግር ምክንያት ተቀባይ አጥተው ቀርተዋል። ያዳናቸው ያው መሐንዲስ ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ሥራ ብሎ በእጁ የወሰደው ቅጂ ነው። አገልግሎቱ 18 ሰዓት ያህል ተቋርጦ፣ 5,000 ያህል ፕሮጀክቶች፣ 5,000 ያህል አስተያየቶችና 700 ያህል አዳዲስ የተጠቃሚ መዝገቦች ላይ ጉዳት ደረሰ።

ጊትላብ ግን ያደረገው አንድ ነገር አለ፤ ለዚያ ዛሬም አከብራቸዋለሁ። የማዳኑን ሥራ ለዓለም በቀጥታ ቪዲዮ አሳዩ፤ ከዚያም ምን እንደተሳሳተ ዝርዝሩን ጻፉ፤ መሐንዲሱንም በአደባባይ አላዋረዱትም። በብዙ ድርጅቶች ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማነው ያደረገው የሚል ነው፤ ሰውየው ይባረራል፤ ስክሪፕቱ ግን እንዳለ ይቀመጣል። በሌላ በኩል የካቲት 28 ቀን 2017 የአማዞን ኤስ3 የፋይል ማከማቻ በሰሜን ቨርጂኒያ ለአራት ሰዓት ያህል ሲቋረጥና ስፍር ቁጥር የሌላቸውን ድረ ገጾች ይዞ ሲወድቅ፣ ኩባንያው ባወጣው ማብራሪያ መነሻው አንድ ሠራተኛ በመመሪያው መሠረት ሲሠራ በትእዛዙ ውስጥ የተሳሳተ ነገር ማስገባቱ እንደሆነ ገልጿል። መፍትሔ ብለው የጻፉት ግን ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ መሣሪያው ነበር፤ ብዙ ሰርቨር በአንድ ጊዜ ከሥራ እንዳያወጣ፣ ከተወሰነ መጠን በታችም እንዳያወርድ አደረጉት። በዚያ ማብራሪያ ውስጥ ለእኔ ክርክር ዋና የሆነ ዐረፍተ ነገርም አለ። ከቆሙት ክፍሎች አንዳንዶቹ በትልልቆቹ ማዕከላት ለብዙ ዓመታት ሙሉ በሙሉ ጠፍተው ተነሥተው ስለማያውቁ፣ ማስነሣቱ ከታሰበው በላይ ጊዜ ወሰደ። ደንበኞች የአገልግሎቱን ጤንነት የሚያዩበት ሰሌዳም በዚያው ማከማቻ ላይ የተመሠረተ ስለነበር ለጊዜው ሊታደስ አልቻለም። ያን ያህል ባለሙያና ያን ያህል ገንዘብ ያለው ድርጅት ያልተሞከረ መመለሻ ካዘገየው፣ ሦስት ሰው ያለው ቡድን ሳይሞክር ይሆናል ብሎ የሚተማመንበት ምክንያት የለም።

መጠባበቂያው የት እንደሚቀመጥም ማሰብ ይገባል። መጋቢት 10 ቀን 2021 በስትራስቡርግ ኦቪኤች የተባለው የፈረንሳይ የሰርቨር አከራይ ድርጅት አንድ የዳታ ማዕከል በእሳት ወድሟል፤ ቅጂያቸውን በዚያው ግቢ ያስቀመጡ ደንበኞች ዋናውንም ቅጂውንም አብረው አጥተዋል። ቅጂ ማለት ዋናውን ያጠፋው ነገር የማይደርስበት ቦታ ያለ ቅጂ ነው፤ ይህ ደግሞ እሳትን ብቻ ሳይሆን የይለፍ ቃል የሰረቀ ሰውንም ይጨምራል።

የይለፍ ቃል ካነሣሁ አይቀር፣ የዳታቤዝ ቁልፍና የክላውድ ቁልፍ በኮዱ ውስጥ ተጽፎ ወደ ሪፖዚቶሪ (ኮዱ ከነታሪኩ ወደሚቀመጥበት ማከማቻ) መግባት የለበትም፤ ሪፖዚቶሪው ለሌላ ሰው የተዘጋ ቢሆንም እንኳ። በ2016 የኡበርን የ57 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ የወሰዱት ሰዎች መግቢያ ያደረጉት አልሚዎች በሚጠቀሙበት ዝግ የጊትሃብ ሪፖዚቶሪ ውስጥ ያገኙትን ቁልፍ ነበር። አንድ ጊዜ በጊት ታሪክ ውስጥ የገባ ቁልፍ ፋይሉ ቢሰረዝም ከታሪኩ አይወጣምና፣ መፍትሔው ቁልፉን መሰረዝ ሳይሆን መቀየር ነው።

አገልግሎቶች እርስ በርስ ሲነጋገሩም የመውደቅ ጉዳይ ይከተላቸዋል። አንድ ሱቅ የሚያስተዳድር አገልግሎት ለክፍያ አገልግሎቱ ከዚህ ደንበኛ 500 ብር ተቀበል ብሎ ጥያቄ ላከ፤ የክፍያ አገልግሎቱ ተቀበለ፤ መልሱ በመንገድ ላይ ሳለ ግንኙነቱ ተቋረጠ። ጠያቂው ያየው ዝምታ ብቻ ነው። ጥያቄው አልደረሰ ይሆን፣ ወይስ ደርሶ መልሱ ጠፋ? ከዝምታው ለይቶ ማወቅ አይችልም። ደግሞ ካልሞከረ ክፍያው ሳይፈጸም ሊቀር ይችላል፤ ደግሞ ከሞከረ ደንበኛው ሁለት ጊዜ ሊከፍል ነው። ለዚህ የተገኘው መላ ጠያቂው ለእያንዳንዱ ክፍያ የማይደገም መለያ ቁጥር ከጥያቄው ጋር እንዲልክ ማድረግ ነው፤ ተቀባዩ ያንን ቁጥር ከዚህ በፊት አይቶት ከሆነ ገንዘቡን እንደገና ሳይቆርጥ የመጀመሪያውን መልስ ይደግምለታል። ሲደጋግሙም በመካከሉ ያለውን የጥበቃ ጊዜ እያስረዘሙና ትንሽ እያዘበራረቁ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ከወደቀበት ሊነሣ የሚውተረተረውን ሰርቨር ሺህ ደንበኞች በአንድ ሰከንድ ተረባርበው መልሰው ይጥሉታል። ይህ አገልግሎቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የሚጨመር ነገር አይደለም፤ በመጀመሪያው ቀን ንድፉ ውስጥ መግባት ያለበት ነው።

የት ይቀመጥ ለሚለው ጥያቄ ጸሐፊያችሁ ብዙ ስላሉ እኔ አጭር ነኝ። ራስን ችሎ ማሽን መከራየትም፣ ሁሉን ነገር ለሚያዘጋጅ አቅራቢ መስጠትም ተገቢ የሚሆንበት ቦታ አለው። ትንሽ ቡድን በብዙ ማሽኖች ላይ ያሉ ኮንቴይነሮችን የሚያስተዳድረውን ኩበርኔትስን የሚያህል ሥርዓት ሲሸከም ሳይ ግን አዝናለሁ፤ ሌሊት ሲበላሽ ሊጠግኑት የማይችሉትን ነገር ቀን አቁመውታልና። አቅራቢ የተባለም ሁሉ ውሉን ሊቀይር ይችላል። ብዙ ጀማሪዎች የመጀመሪያ አገልግሎታቸውን ያቆሙበት ሄሮኩ በ2022 መጨረሻ ላይ ነጻ አገልግሎቱን አቁሟል፤ ያን ጊዜ ያልተቸገሩት አገልግሎታቸውን በኮንቴይነር ጠቅልለው፣ ማስተካከያዎቹን ከኮዱ ለይተው፣ ማስነሻውን ጽፈው የያዙት ናቸው። ከውድቀት ለመመለስ የሚያዘጋጀው ሥራና ከአንድ አቅራቢ ወደ ሌላው ለመሄድ የሚያዘጋጀው ሥራ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው።

ከዝግጅት ክፍሉ የምለምነው፣ በዓምዱ ላይ የአገልግሎት አነሣሥን ያስነበባችሁን ያህል የመመለሱንም ሥራ የሚያስረዳ ተከታታይ ጽሑፍ እንድታወጡ ነው። ራሳቸው ኮድ የማይጽፉ፣ ነገር ግን ለድርጅታቸው አገልግሎት የሚያሠሩ አንባቢዎችም ውል ከመፈረማቸው በፊት ባለሙያቸውን ሊጠይቁት የሚገባ ነገር አለ፦ መጠባበቂያ ቅጂውን ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ባዶ ማሽን የመለሳችሁት መቼ ነው? ስንት ሰዓት ፈጀ? እርስዎ በሌሉበት ቀን ሌላ ሰው ሊያደርገው ይችላል? ቀኑን ሳያመነታ የሚነግራችሁ ባለሙያ ሥራውን ያውቃል። ቅጂው በየቀኑ ይወሰዳል ብሎ ብቻ የሚመልስላችሁ ደግሞ፣ እኛ በ20 ባይቱ ዘመን የነበርንበት ቦታ ላይ ነው።

እኛ አሁን በወር አንድ ጊዜ፣ በሥራ ቀንና በጠዋት፣ ባዶ ማሽን ተከራይተን ከተጻፈው መመሪያ በቀር ሌላ ነገር ሳንይዝ አገልግሎቱን ከቅጂው እናስነሣለን፤ ሰዓትም እንይዛለን። መመሪያውን የጻፈው ሰው እንዳይነካ ይከለከላል፤ ሥራው ለቡድኑ አዲስ ለሆነ ሰው ይሰጣል። ባለፈው ወር ተራዋ የደረሰው በቅርቡ የተቀላቀለችን አንዲት ወጣት አልሚ ነበረች። የዳታቤዙ መፍቻ ቁልፍ የት እንደሚገኝ በመመሪያው ላይ አለመጻፉን አገኘች፤ ሁላችንም በቃላችን ስለምናውቀው ማንም ልብ አላለውም ነበር። ቁልፉን ጠይቃ አግኝታ አገልግሎቱን ካስነሣች በኋላ፣ ጎድሎ ያገኘችውን ሁለት መስመር ጽፋ ወደ ሪፖዚቶሪው ላከችው።

ከአክብሮት ጋር፣
የድር አገልግሎት ባለሙያ የሆነ አንባቢያችሁ